አንጋፋ ዋይድ ሪሲቨርን ለፋንታሲ ቡድን እንዴት መመዘን ይቻላል

የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠው ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ የሚሰበስቡበት ጨዋታ ነው። በኦገስት ድራፍት፣ ማለትም ተጫዋች ተራ በተራ በሚመረጥበት ቀን፣ ስድስተኛው ዙር ላይ ሲደረስ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ስም ዝርዝሩ አናት ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሰባት ስምንት የውድድር ዓመት ከ1,000 ያርድ በላይ የሄደ፣ አሁን 31 ወይም 32 ዓመት የሆነው ሪሲቨር (እየሮጠ የተወረወረለትን ኳስ የሚቀልብ ተጫዋች) ነው። ግማሹ መራጭ «አርጅቷል» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «እንዴት እስካሁን ቆየ!» ብሎ ይዘልበታል። ሁለቱም ሒሳብ አልሠሩም።

ሪሲቨር ነጥብ የሚያመጣው ኳስ ሲወረወርለት ነው። የቱንም ያህል ቢፈጥን ካልተወረወረለት ዜሮ ነው፤ እግሩ ከብዶም ቢሆን በሳምንት ዘጠኝ ኳስ የሚወረወርለት ሰው ቡድን ይሸከማል። ስለዚህ ዕድሜውን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና ዘንድሮ ማን እንደሚወረውርለት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወረውርለትና ሜዳው ላይ የት እንደሚቆም ይጠይቁ። ዕድሜ ወደ ሒሳቡ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ስንት ጨዋታ ይሰለፋል የሚለው ሲሰላ ነው።

የእንግሊዙን ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ለለመደ ሰው አንድ ልዩነት እንንገር፦ በአሜሪካው ፋንታሲ በአብዛኛው ሊግ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ያለ ዙሩ የተወሰደ አንጋፋ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ዙር ሊወስዱት ይችሉ የነበረው ወጣት የሌላ ሰው ሆኗል፤ ተመልሶ አይገኝም።

የሊጉን የነጥብ ደንብ ያንብቡ

በተለመደው ደንብ 10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ተችዳውን (ኳሱን ይዞ የተጋጣሚው የመጨረሻ ክልል መግባት) 6 ነጥብ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ለተያዘ ኳስ በሚሰጠው ነው፦ ፒፒአር በሚባለው 1 ነጥብ፣ በግማሽ ፒፒአር 0.5፣ በድሮው ስታንዳርድ ደግሞ ምንም የለም። ወጣት ኮከብ በሦስቱም ያዋጣል። አንጋፋ ላይ ግን ይህ ደንብ ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

የ2023ን ሁለት አንጋፋዎች እንይ። የታምፓ ቤዩ ማይክ ኢቫንስ 79 ኳስ ቀልቦ 1,255 ያርድና 13 ተችዳውን አገኘ። የካሮላይናው አዳም ቲለን 103 ኳስ ቀልቦ 1,014 ያርድና 4 ተችዳውን። በፒፒአር ኢቫንስ 282.5፣ ቲለን 228.4 ነጥብ ይሆናሉ። በስታንዳርድ ግን 203.5 ለ125.4 ነው። ቲለን ከነጥቡ 45 በመቶውን፣ ኢቫንስ 28 በመቶውን ያገኙት ኳሷን በመያዝ ብቻ ነበር ማለት ነው። ፍጥነቱ የቀነሰ ሪሲቨር አጭር ኳስ ወደ መቅለብ ስለሚያዘነብል፣ አብዛኛው አንጋፋ የሚመስለው ቲለንን ነው። ሊግዎ ስታንዳርድ ከሆነ ግማሾቹን አንጋፋዎች ከዝርዝርዎ ሊሰርዟቸው ይችላሉ።

ታርጌት፦ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው

ታርጌት ማለት ተያዘም አልተያዘ ወደ ሪሲቨሩ የተወረወረ ኳስ ነው። ሦስት ቁጥሮች ያውጡ።

የመጀመሪያው በጨዋታ ስንት ታርጌት እንዳገኘ ነው። የዓመቱን ድምር በውድድሩ 17 ጨዋታዎች አያካፍሉ፤ በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ያካፍሉት። ሁለተኛው ቡድኑ ከወረወረው ውስጥ የእሱ ድርሻ ነው። 25 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ የቡድኑ ዋነኛ ሰው ነው፤ 20 አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከ17 በታች ከወረደ በየሳምንቱ ተችዳውን እየጠበቁ መኖር ነው። ሦስተኛውና ለአንጋፋ በጣም የሚናገረው፣ በሮጠው በእያንዳንዱ ሩት (ኳስ ለመቀበል በሚሮጠው የተቀየሰ መስመር) ስንት ያርድ እንዳገኘ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ከ2 በላይ በጣም ጥሩ፣ 1.5 አካባቢ የሚያሠራ ነው፤ ወደ 1.3 ሲወርድ ሰውየው ሜዳ ላይ እየዋለ ኳስ እየለመነ ነው። ታርጌትና ስናፕ (ኳሱ በተነሳ ቁጥር ሜዳ ላይ የነበረበት ብዛት) ፕሮ ፉትቦል ሬፈረንስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ የሩቱን ቁጥር ለማግኘት ግን ብዙ ጊዜ ክፍያ ያለው አገልግሎት ያስፈልጋል። ከሌለዎት ያርዱን ለታርጌቱ ያካፍሉ። ሸካራ ሚዛን ነው፤ ያም ሆኖ ይሠራል።

ኪናን አለን ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ያሳያል። በ2023 ለቻርጀርስ በ13 ጨዋታ 150 ታርጌት፣ 108 ኳስ፣ 1,243 ያርድ፣ 7 ተችዳውን። በጨዋታ 11.5 ታርጌትና በፒፒአር 21.1 ነጥብ ማለት ነው። በማርች 2024፣ ቡድኖች ወጣቶችን በሚመርጡበት የሊጉ የኤፕሪል ድራፍት በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ተለውጦ ለቺካጎ ቤርስ ተሰጠ። በ2024 በ15 ጨዋታ 121 ታርጌት፣ 70 ኳስ፣ 744 ያርድ፣ እንደገና 7 ተችዳውን። በጨዋታ 8.1 ታርጌት፣ 12.4 ነጥብ። በአንድ ታርጌት ያገኘው ያርድም ከ8.3 ወደ 6.1 ወረደ።

በአንድ ክረምት 32 ዓመት ስለሞላው ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ምልክቶቹ ግን ከድራፍት በፊት ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። በ2023 ሌላው የቻርጀርስ ሪሲቨር ማይክ ዊልያምስ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ተጎድቶ ዓመቱን ስለጨረሰ ኳሱ ሁሉ ወደ አለን ጎረፈ። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ዲጄ ሙር አስቀድሞ ነበር፤ ቡድኑ ሮም ኦዱንዜን በአንደኛው ዙር በ9ኛ ምርጫ አመጣ፤ ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው) ኬሌብ ዊልያምስ ገና ሩኪ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች፣ ነበር። 11.5 ታርጌት እዚያ የሚገኝበት መንገድ አልነበረም። ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጠው የዘንድሮ ያደረጉት ከስረው ወጡ።

ከዚህ የሚወሰደው አሠራር ይህ ነው፦ ካለፈው ዓመት ቁጥር ፊት ለፊት ያንን ቁጥር ያመጣውን ሁኔታ ይጻፉ። ተጎድቶ የወጣ ጓደኛ ነበር? ተመልሷል? ቡድኑ በኤፕሪሉ ድራፍት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ሪሲቨር ወስዷል? የማጥቃት አስተባባሪው ተቀይሯል? አንጋፋው ቡድን ከቀየረ የእሱን ድርሻ ከዜሮ ጀምረው ይገምቱ፤ ይዞት አይመጣም።

የሚወረውረው ማን ነው

ላሪ ፊትዝጄራልድ በ2012 የ29 ዓመት ሰው ሆኖ 71 ኳስና 798 ያርድ ብቻ አገኘ። በዚያ ዓመት ለአሪዞና አራት የተለያዩ ኳርተርባኮች ጨዋታ ጀምረዋል። በ2015 በ32 ዓመቱ፣ ካርሰን ፓልመር እየወረወረለት፣ 109 ኳስ፣ 1,215 ያርድና 9 ተችዳውን። ሦስት ዓመት ጨምሮ ተሻለ። በዕድሜ ብቻ የሚመዝን ሰው 2012ን አይቶ ጥሎት ነበር።

በተቃራኒው ብራንደን ማርሻል በ2015 ለጄትስ በ31 ዓመቱ 109 ኳስ፣ 1,502 ያርድና 14 ተችዳውን አግኝቶ በፒፒአር 343.2 ነጥብ አመጣ። በቀጣዩ ዓመት ያው ቡድን፣ ያው ራያን ፊትዝፓትሪክ፦ 59 ኳስ፣ 788 ያርድ፣ 3 ተችዳውን፣ 155.8 ነጥብ። ኳርተርባኩ በ2015 31 ተችዳውን ወርውሮ ነበር፤ በ2016 ግን 12 ተችዳውንና 17 ኢንተርሴፕሽን (በተጋጣሚ የተነጠቀ ኳስ)። ኳርተርባክ አልተቀየረም ማለት ኳርተርባኩ ያው ነው ማለት አይደለም። በሥራ ዘመኑ ከለመደው በላይ የወረወረ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ልማዱ ይመለሳል ብለው ያስቡ፤ የሪሲቨሩንም ተችዳውን በዚያው ልክ ይቀንሱ።

ተችዳውን ከሁሉ በላይ የሚዋዥቅ ቁጥር ነው። ካለፈው ዓመት 14 ተችዳውን ተነስተው ዘንድሮን አይገምቱ። የሦስት ዓመት ታርጌቱንና ተችዳውኑን ደምረው ሲካፈል ስንት ታርጌት ላይ አንድ እንደሚያገኝ ይወቁ። በቁመትና በጉልበት ኳስ የሚነጥቅ እንደ ኢቫንስ ያለ ሰው ከሌላው ተሽሎ ይገኛል፤ ይህ ዓይነቱ ችሎታ ከፍጥነት ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚሄደው።

የት ነው የሚቆመው

ፍጥነቱ የቀነሰ ሪሲቨር ዳር ላይ ከቆመ ኮርነርባኩ፣ ማለትም የሚጠብቀው ተከላካይ፣ ገና ከመስመሩ ደረቱን ይይዘዋል። ስሎት ውስጥ፣ ማለትም ከመስመሩ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲቆም ግን በነፃነት ይነሳል፤ ግራም ቀኝም መታጠፍ ይችላል፤ ኳሱም በፍጥነት ይደርሰዋል። ፊትዝጄራልድን ያቆየው አንዱ ነገር ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ስለዚህ አንጋፋው ወደ ስሎት ሲዛወር በፒፒአር ሊግ የምሥራች ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ስሎት ላይ ብቻ የሚጫወት ሰው ቡድኑ ሁለት ታይት ኤንድ (ኳስም የሚቀልብ፣ ተጋጣሚንም የሚያግድ ግዙፍ ተጫዋች) በሚያሰልፍበት ጊዜ ቤንች ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን አሰላለፍ የሚወድ አሰልጣኝ ካለ፣ ከስናፑ ሲሶው ሊያመልጠው ይችላል። በፕሪሲዝን (ከውድድሩ በፊት ባለ የዝግጅት) ጨዋታ የመጀመሪያው ኳርተርባክ ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ አንጋፋው ስንት ስናፕ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። ውጤቱን አይዩት።

ኳሱ በአማካይ ስንት ያርድ ርቀት ላይ እንደሚወረወርለትም ይዩ። ከ12 ያርድ ወደ 8 ከወረደና የሚይዘው መቶኛ ከጨመረ ሰውየው «ተሻሻለ» ማለት አይደለም፤ ቀላል ኳስ ነው የተሰጠው። አሳሳቢው ሌላኛው ነው፦ ርቀቱ እንደ ድሮው 13 ሆኖ የሚይዘው መቶኛና በሩት የሚያገኘው ያርድ አብረው ሲወርዱ። ያኔ ቡድኑ ገና እንደ ድሮው እየተጠቀመበት ነው፤ እሱ ግን ከተከላካዩ መላቀቅ አቅቶታል። ለማረጋገጥ ካለፈው ዲሴምበር የሁለት ጨዋታ ሦስተኛ ዳውኖችን (10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች ሦስተኛውን) ብቻ ይመልከቱ። ኳሱ ሲደርስ ተከላካዩ አንድ እርምጃ ርቆ ነው ወይስ ጀርባው ላይ ተለጥፏል?

ዓመቱን ለሁለት ይክፈሉት

የዓመት ድምር አንጋፋን ይሸፍናል። ስቴፎን ዲግስ በ2023 ለቢልስ 107 ኳስና 1,183 ያርድ ይዞ ጨረሰ፤ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አምስት ጊዜ 100 ያርድ ሲደርስ፣ ከዚያ በኋላ በመደበኛው ውድድር አንድም ጊዜ አልደረሰም። በኖቬምበር አስተባባሪው ኬን ዶርሲ ተነስቶ ጆ ብሬዲ ተተካ። ከላይ ያየነው ቲለንም አራቱንም ተችዳውን ያገኘው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ ነው። የፋንታሲ ፕሌይኦፍ በአብዛኛው ሊግ ከ15ኛው እስከ 17ኛው ሳምንት ነው፤ የኦክቶበር ነጥብ እዚያ አይከተልዎትም። በቃ፦ ከ1ኛ እስከ 9ኛ ሳምንትና ከ10ኛ እስከ 18ኛ ለየብቻ ይደምሩ፤ ለዘንድሮ ግምት የሁለተኛውን ክፍል ሚዛን ከፍ ያድርጉ።

ሰውነቱ

ጉዳት ሁሉ አንድ አይደለም። የተሰበረ የእጅ አጥንት ይድናል፤ ደጋግሞ የሚመለስ የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት ግን ከ30 በኋላ ልማድ ይሆናል። ሁሊዮ ጆንስ በ2019 1,394 ያርድ ሄዶ ነበር። በ2020 9 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ፤ በ2021 ወደ ቴነሲ ሄዶ በ10 ጨዋታ 434 ያርድ። በሁለቱም ዓመት ያው የታፋ ጡንቻ ነበር ያስቸገረው። የኩፐር ካፕን ደግሞ በጨዋታ ብዛት ይዩት፦ በ2021 ሙሉ 17፣ ከዚያ 9፣ 12፣ 12። ሲሰለፍ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ከ51 ጨዋታ 18ቱን አለመሰለፉ ነው።

የጉልበት ጅማት የተበጠሰበትን አንጋፋ ሙሉ በሙሉ አይጣሉት። ዲግስ በኦክቶበር 2024 ተበጥሶበት በ2025 ለኒው ኢንግላንድ 85 ኳስና 1,013 ያርድ አመጣ። ቀኑን ይቁጠሩ እንጂ። ጉዳቱ በኦክቶበር የደረሰበትና በዲሴምበር የደረሰበት ሰው በሴፕቴምበር እኩል አይሮጡም። ውድድሩ ሲጀምር ፒዩፒ የሚባለው ከጉዳት ያላገገሙ ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ የቀረ ተጫዋች ቢያንስ አራት ጨዋታ እንደሚያልፈውም ያስታውሱ።

ጄሪ ራይስ በ2002 40 ዓመት በሞላበት ወቅት 92 ኳስና 1,211 ያርድ አገኘ የሚል ሰው በየድራፍቱ አይጠፋም። እውነት ነው። ጄሪ ራይስ አንድ ነው።

ሒሳቡን መሥራት

አሁን የሰበሰቡትን ወደ ነጥብ ይቀይሩ። ምሳሌ እንውሰድ። ቡድኑ በጨዋታ 34 ጊዜ ይወረውራል ብንል በ17 ጨዋታ 578 ይሆናል። ለማንም ያልተወረወረውን ለመቀነስ 5 በመቶ ያንሱ፤ 549 ታርጌት ይቀራል። የአንጋፋው ድርሻ 22 በመቶ ከሆነ 121 ነው። 15 ጨዋታ ይሰለፋል ካልን 107። ከዚህ 65 በመቶውን ቢቀልብ 70 ኳስ፤ በታርጌት 7.8 ያርድ ቢሆን 835 ያርድ፤ 5 ተችዳውን። በፒፒአር 183.5፣ በጨዋታ 12.2 ነጥብ።

አሁን ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ ድርሻውን ብቻ ወደ 18 በመቶ ዝቅ ያድርጉ። 87 ታርጌት፣ 57 ኳስ፣ 679 ያርድ፣ 4 ተችዳውን፤ በጨዋታ 9.9 ነጥብ። አንድ ጥሩ ሩኪ መምጣቱ ብቻ ይህን ያህል ይወስዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ሁለት ግምት ይሥሩ፤ አንዱን ነገር በሚሰምርበት፣ ሌላውን በሚበላሽበት። ዋጋ የሚሰጡት በሁለቱ መካከል ወደ ታችኛው ተጠግተው ነው፤ ከ30 በላይ የሆነ ሰው ከሚጠበቀው በላይ ከሚሻልበት ይልቅ በታች የሚሆንበት ዕድል ይበዛልና። ሰዎች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስሕተት ዕድሜን ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው፦ አንዴ ጨዋታውን ከ17 ወደ 15 ሲያወርዱ፣ ከዚያ ደግሞ መጨረሻ ላይ «አርጅቷል» ብለው ዙር ሲያወርዱት። አንዱን ይምረጡ።

ግምቱን ከአማካይ የድራፍት ቦታው ጋር ያስተያዩ። በ12 ሰው ሊግ ከአምስተኛው ዙር በኋላ አንጋፋን እንደ ሦስተኛ ሪሲቨር መውሰድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ግን የሚከፍሉት ለስሙ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም። የጉዳት ታሪክ ያላቸውን ሁለት አንጋፋዎች አብረው አያሰልፉ፤ አንድ በቂ ነው፣ ከጎኑም ቤንች ላይ አንድ ወጣት ይቀመጥ። ተጫዋች ከዓመት ዓመት በሚያዝበት በዳይናስቲ ሊግ ነገሩ ይለወጣል፦ የገበያ ዋጋው ከእግሩ ቀድሞ ስለሚወድቅ፣ ዋንጫ የማይፎካከሩ ከሆነ በ28 ወይም በ29 ዓመቱ ይሽጡት፤ የሚፎካከሩ ከሆነ ደግሞ ሌላው የፈራውን የ31 ዓመት ሰው በርካሽ ይግዙ።

ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ

የረቡዕ የልምምድ ሪፖርት ላይ አንጋፋ «አልተለማመደም» ተብሎ ሲጻፍ አይደንግጡ፤ ብዙ ቡድን ለአንጋፋዎቹ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፣ ምክንያቱም አጠገቡ ይጻፋል። ዓርብ ካልተለማመደ ግን ምትክ ይፈልጉ። በሦስት ተከታታይ ሳምንታት ታርጌቱ ከአምስት በታች ሆኖ የሚሮጠው ሩትም ከቀነሰ ይልቀቁት። ሩቱ ሳይቀንስ ታርጌቱ ብቻ ከወረደ ሁለት ሳምንት ይታገሡ፤ ተጋጣሚው ሊሆን ይችላል።

የማይሰለፉ ተጫዋቾች ስም የሚወጣው ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። አንጋፋዎ አጠራጣሪ ከተባለና ጨዋታው እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ከሆነ፣ ከሪሲቨር ቦታ አውጥተው ፍሌክስ ላይ ያስቀምጡት። ያኔ ባይሰለፍ በሪሲቨር ብቻ ሳይሆን በራኒንግ ባክም (ኳስ ይዞ በሚሮጥ)፣ በታይት ኤንድም መተካት ይችላሉ። ተተኪው ግን ጨዋታው ገና ያልተጀመረ ሰው መሆን አለበት፤ ስለዚህ እሑድ ጠዋት ላይ ከማታው ወይም ከሰኞው ጨዋታ አንድ ስም ቤንች ላይ ይያዙ።